ለእንግዳ የተሸፈነው ጣራ

ሰዓዳ ልትመጣ ነው። ታላቅ እህቴ ዛሬ ጠዋት ከመተማ ደውላ፣ ቅዳሜ ድንበሩን በገላባት ተሻግራ እኛ ያለንበት ሱዳን፣ ገዳሪፍ እንደምትገባ ስትነግረን ስልኩን ከእናቴ እጅ ነጥቄ ግቢውን ዞርኩበት። ደስታው አላስቀምጥ ሲለኝ ይሄን መጻፍ ጀመርኩ፤ ስጽፍ ግን ትዝ ያለኝ የሄደችበት ክረምት ነው።

ያን ክረምት እኩዮቼ ታስታውሱታላችሁ። ጥቁሩ አፈር ጫማችንን እየዋጠ ሲያስቸግረን በባዶ እግራችን የጭቃ ግመል እንሠራ ነበር። አንድ ቀን ንፋሱ የጓዳችንን ቆርቆሮ ይዞት ሄደ። እኔና ሰዓዳ የምንተኛው እዚያ ነበር። አባቴ እርሻ ሥራ ወጥቷል። እናቴ፣ "ሸራ ካላገኘን ሰዓዳ መተማ አክስቷ ዘንድ ትሂድ፤ ሁለታችሁን እርጥብ ላይ አላስተኛም" አለች። እኔ ደግሞ ያለ ሰዓዳ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጎርፍና ንፋስ የጎዳቸውን ቤቶች የሚያይ የመንግሥት ሰው ነገ ይመጣል ተባለ። እኛ ዘንድ እንግዳ ይመጣል ከተባለ ቤት ይሸለማል። እናቴ ከጎረቤታችን ከሐጃ አሚና ባለ ጥልፍ አንሶላ ተውሳ፣ ከጣራው ሥር ወጥራ ሰማዩን ሸፈነችበት። እርጥቡ ላይ ምንጣፍ አነጠፈች። የዒድ ቀሚሳችንን አለበሰችን።

"አንቺ ሴት፣ ሙሽራ ነው የምትቀበዪው?" አለች ሐጃ አሚና በሩ ላይ ቆማ እየሳቀች።

"ታዲያ መንግሥት ቤቴ ሲገባ ተዝረክርኬ ልጠብቀው?"

ሰውዬው መጣ፤ ቀዝቃዛ ከርከዴ ጠጣ። "እንዴት ናችሁ? የጎደላችሁ ነገር አለ?" ሲል እናቴ እንደ ወጉ፣ "አልሃምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለን" አለችው። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ደግሞ እስኪጠይቃት ጠበቀች። ብሉ ሲሉን መጀመሪያ ጠግበናል እንደምንለው ማለት ነው። እሱ ግን አንሶላውን ቀና ብሎ አየና "ማሻአላህ" ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ሸራ የጫነው መኪና በራችንን አልፎ ሐጃ አሚና ደጅ ቆመ። ልታካፍለን ፈልጋ ነበር፤ ለራሷም አልበቃት። ሰዓዳ በሳምንቱ ሄደች። ጣራው ሲሠራ የድንበሩ መንገድ ተዘጋ፤ መንገዱ ሲከፈት እሷ እዚያ ትምህርት ጀምራ ነበር። ልጅነታችን እንዲሁ በየፊናችን አለቀ።

ዛሬ እናቴ ሌላ ሰው ናት። ቤት የሚያዩ ሰዎች ሲመጡ አልሃምዱሊላህ ካለች በኋላ ቀጥታ ጓዳ ታስገባቸዋለች፤ የሚያፈሰውን በጣቷ ታሳያቸዋለች። ከርከዴው ከዚያ በኋላ ነው። ሳያት ደስ ይለኛል፣ ይቆጨኛልም። ያን ቀን እንዲህ አድርጋ ቢሆን ኖሮ እኔና ሰዓዳ አንድ ፍራሽ ላይ እየተገፋፋን እናድግ ነበር።

ቅዳሜ ማታ ሁላችሁም ቤታችን ኑ። ቤቱን አንሸልምም፤ ውሃው ግድግዳው ላይ የተወው ቡናማ መስመርም እንዳለ ነው። ሰዓዳን እንዴት ነሽ ስትሏት "ደህና ነኝ" ትላችኋለች። እባካችሁ፣ ደግማችሁ ጠይቋት።