ሳትታጠቡ ኑ

ምስራቅ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብታ አላስቀደሰችም። ከመንደሯ ሴቶች ጋር አብራ ትሄድና እነሱ ሲገቡ እሷ ቅጽሩ በር ላይ ትቀራለች። የማይቆም ፈሳሽ ነበረባት። ሽታው ለሌላው እንዳይደርስ ከሰው ራቅ ብላ ትቆማለች። ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። ጠበል ገብታለች፤ ሥር ቀቅላ ጠጥታለች። ባሏ ጓንጉል "እርግማን ነው" ሲላት "እርግማን አያሳክክም" ብላ ትመልስለታለች።

በ1995 ዓ.ም. ጥር ላይ ዶክተር ዓለምነህ የሚባል ተመራማሪ ማይክሮስኮፕ ይዞ ሰቆጣ መጣ። የሚያጠናው የሴቶችን የማህፀን በር ቁስለትና የአባላዘር በሽታ ነው። በሽታው መኖሩ በጥናቱ ከታየ ለገጠሩ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ይላካል፤ ካልታየ ወደ ሌላ ወረዳ ይላካል። ብዙዎቹ ሴቶች ከአማርኛ ይልቅ ኽምጣና ስለሚቀናቸው አስተርጓሚ አስፈለገው። ምስራቅ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ ሁለቱንም ቋንቋ ትናገራለች። እሷን ቀጠረ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ስልሳ ሴቶች ናሙና ሰጡ፤ ምስራቅም አንዷ ነበረች። አንድ ማክሰኞ ዶክተሩ ናሙናዎቹ የተቀቡባቸውን መስታወቶች በሣጥን እየደረደረ "በሽታው የተገኘው በሦስት ሴቶች ብቻ ነው" አላት። "አገራችሁ ጤነኛ ነው። ቅዳሜ መኪና ይመጣል፤ እሄዳለሁ።"

"የእኔስ?"

"ያንቺም ንጹሕ ነው።"

ምስራቅ ሳቀች። የደስታ ሳቅ አልነበረም። "ዶክተር፣ መሣሪያዎ ታሟል።"

"መሣሪያው ደህና ነው።"

"እንግዲያው ስድስት ዓመት ልብሴን በቀን ሁለቴ የማጥበው ለጨዋታ ነው?"

ሣጥኑን ተወና ቀና ብሎ አያት። "ናሙና ከመስጠትሽ በፊት ታጥበሽ ነበር?"

"ሐኪም ፊት ሳልታጠብ ልቅረብ?"

"ውስጥሽንም?"

"በጨው ውሃና በሳሙና። ሁላችንም እንደዚያው ነን።"

"ማን ነው ታጠቡ ያላችሁ?"

ያለቻቸው ምስራቅ ራሷ ነበረች። ሁልጊዜ ከቀጠሮው በፊት በኽምጣና "ታጥባችሁ ኑ፤ አታሰድቡን" ትላቸው ነበር። ማንም አላዘዛትም። ዳኛ ፊትም ይሁን ቄስ ፊት ታጥቦ መቅረብ የአገሩ ወግ ነው።

"እኔ ነኝ" አለች። "ጥፋቱ የእኔ ነው። በሽታው ግን አለ።"

"የምፈልገውን ነገር አጥባችሁ ነው የመጣችሁት" አለ ዶክተሩ። "አሁን ግን ቀን የለኝም።"

"እስከ ዓርብ ቀን አለዎት። በሽታውን ያባረርኩብዎ እኔ፣ ሴቶቹን የምሰበስባቸውም እኔ።"

በማግሥቱ ቤት ለቤት ዞረች። መጀመሪያ የሄደችው ከሁሉ በዕድሜ ወደሚበልጡት ወደ እማ ወለተ ሐና ነበር። ግቢያቸው ውስጥ አምስት ስድስት ሴቶች ጌሾ ይለቅማሉ።

"ያን ጊዜ ታጠቡ አልሽ፤ ዛሬ አትታጠቡ ትያለሽ" አሉ ወለተ ሐና። "ነገ ደግሞ ራቁታችሁን ኑ ልትይን ነው?"

"ራቁታችሁንማ አይቷችኋል፣ እማ።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ጸሐይነሽ የምትባል ጎረቤቷ ግን ፊቷን አጠቆረች። "ለባሌ ታጥቤ ለሐኪም ልቆሽሽ? እፍረቱን ማን ይሸከማል?"

"እኔ ልሸከመው። ለሁለት ቀን ውስጣችሁን ውሃ አታስነኩ። ዓርብ ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ፤ የሚሸተው ካለ እኔን ይስደብ።"

ዓርብ ጠዋት ጓንጉል ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቃት። "መንደሩን ሁሉ ቆሻሻ አሰኝተሽ የት ልትሄጂ ነው?"

"ስድስት ዓመት በር ላይ ስቆም ስንት ጊዜ ጠየቅኸኝ የት ነሽ ብለህ? ዛሬ መጠየቅ አምሮሃል? ዞር በል።"

ዞር አለ።

ከስልሳው አርባ አንዱ መጡ። ወለተ ሐናም ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ምስራቅ ቀድማ ገባች። ዶክተሩ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየና "ነይ እዪ" አላት። አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። በኩሬ ውሃ ላይ እንደሚርመሰመሱ ነፍሳት ያለ ነገር ይዋኛል።

"የጓንጉል እርግማን ይኼ ነው?"

"ይኼ ነው። በክኒን ይሞታል። ባልሽም መዋጥ አለበት፤ አለዚያ መልሶ ይሰጥሻል።"

እስከ ማታ ድረስ በሃያ ሦስት ሴቶች ላይ በሽታው ታየ። ዶክተሩ አሮጌውን ቁጥር ሰርዞ አዲሱን ሲጽፍ ምስራቅ ከጀርባው ቆማ ነበር።

"የእኔንም ጥፋት ይጻፉት" አለችው።

"ለምን? ታረመ እኮ።"

"ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ታጠቡ እንዳይላቸው። ስሜ ይቅር፤ ጥፋቱ ግን ይጻፍ።"

ጻፈው።

ማታ ጓንጉል ዶክተሩ ከያዘው ጥቂት የሰጣትን ክኒን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አየው። "እኔን ምንም አላመመኝም።"

"አንተን አያምህም፤ እኔን ታሳምመኛለህ። ካልዋጥክ መደቡ ላይ ለብቻህ ትተኛለህ።"

ጠላውን ለማንሳት እጁን ሲዘረጋ ቀማችውና ውሃ ሰጠችው። "ይኼ ከጠላ ጋር አይወሰድም።" ዋጠው።

መድኃኒቱ ለጤና ጣቢያዎቹ የደረሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ፈሳሹ ቆሞላት በፋሲካ ምስራቅ ነጠላዋን አጣፍታ የቅጽሩን በር አልፋ ገባች። ማንንም አላስፈቀደችም። ስትገባ በሩ ላይ የቀሩ ሁለት ሴቶች አይታ ነበር። አንዷን አታውቃትም፤ አቋቋሟን ግን ታውቀዋለች። ቅዳሴው ሲያበቃ ቀጥ ብላ ወደ እነሱ ሄደችና መሐላቸው ቆመች።

"ሰኞ ጤና ጣቢያ ኑ" አለቻቸው በኽምጣና። "ሳትታጠቡ።"