የልብስ ቆራጯ አንገት

ሰፈሩ «ኩሩዋ» ይላት ነበር። ሰላም ሲሏት ፊቷ ወደ ግራ ዞሮ አገጯ ትከሻዋ ላይ ሊያርፍ ምንም አይቀረው፤ ታዲያ ሰው ምን ይበል? የአንገቷ ጡንቻ ያለ ፈቃዷ እየተኮማተረ እንደሚጠመዝዛት፣ ሕመሙም ጆሮ ግንዷ ድረስ እየወጣ እህል እንደሚያስጠላት የሚያውቁት ባሏና አብራት የምትሠራው ታናሽ እህቷ ብቻ ነበሩ።

ልብስ ቆራጭ ናት። ያለ ማስመሪያ፣ በዓይኗ ብቻ ቀጥ አድርጋ ትቆርጣለች፤ በዚህማ ጉራዋ አይቻልም። አንገቷ ሲጣመምባት እህቷ የመቁረጫውን ጠረጴዛ ፊቷ በዞረበት በኩል ወልገድ አድርጋ አስቀመጠችላት። እንዲህ ስድስት ዓመት ተገፋ። ዘንድሮ ግን ሕመሙ ጠናባትና መቀሱን ለእህቷ ልታስረክብ ቆረጠች። የመጨረሻ ሙከራ ብላ ከባሏ ጋር ሐኪም ቤት ሄደች።

«ጡንቻውን የሚያላላ መርፌ አለ» አለቻት ዶክተሯ። «ቦቱሊነም የሚባል መርዝ ነው፤ በጣም በጥቂቱ፣ ተለክቶ ይሰጥዎታል። በየሦስት ወሩ ይደገማል።»

«መርዝ?» አለ ባሏ። «ዶክተር፣ እሷንማ መርዝም አይደፍራት!»

«ዝም በል አንተ!» አለችና አንገቷን ሰጠች።

በአሥረኛው ቀን ፊቷን ስትታጠብ አንገቷ እሺ አላት። ሕመሙ ጨርሶ ባይጠፋም እፎይ የሚያሰኝ ሆነ። ተመስገን እያለች አለቀሰች።

ወደ ሥራዋ በረረች። መቀሱን አንስታ የአንድ ደንበኛ ኮት ጀርባ ቆረጠች፤ ተንጋዶ ቁጭ! ደግማ ሞከረች፤ ያው።

«አለቀልኝ! መርዙ ዓይኔን ወሰደው» አለች። «በይ መቀሱን ያዢው።»

እህቷ ጨርቁን አየች፣ ወለሉን አየች፣ ሳቋ አመለጣት።

«እትዬ፣ ያንቺ አንገት ተቃና እንጂ ጠረጴዛው መች ተቃና!»

ተጋግዘው ገፉት፤ እግሮቹ ድሮ የቆሙበት ምልክት ወለሉ ላይ አሁንም አለ። ቆረጠች። ቀጥ አለላት። ደስ ብሏት ልታሳያት ዞር ስትል ግን እህቷ በስተግራ፣ ጨለም ካለው ጥግ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ እየገፋች በስፌት መኪናዋ መርፌ ክር ልታስገባ ትታገላለች። የስፌት መኪናዋ የድሮ ቦታ እኮ በስተቀኝ፣ መስኮቱ ሥር ነበር። ያኔ «እዚያ ይበርደኛል» ብላ ነው ያዛወረችው፤ ኩሩዋም አምናት ነበር።

«ውሸታም!» አለቻት እንባዋ እየመጣ። «ፊቴ ወደዞረበት መጥተሽ ነው ስድስት ዓመት ጨለማ ውስጥ የሰፋሽው?»

«ታዲያ ከማን ጋር ላውራ?»

የስፌት መኪናውን ተሸክመው መስኮቱ ሥር መለሱት።

«በይ አሁን አውሪ» አለች ቆራጯ፣ አንገቷን ወደ ቀኝ አዙራ።