ስም አልጠራሁም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ብቻዬን ስጸልይ እንኳ ዙሪያውን እየዞርኩ ነው የማልፈው። የሰው ምስጢር አውጥቻለሁ። ያወጣሁትም ጸሎት ቤት ተቀምጬ ነው።

አስቴር ሆሳዕና ውስጥ እኛ ግቢ ክፍል ተከራይታ የምትኖር አስተማሪ ነበረች። አንድ የዳምቦያ ልጅ ሊያገባት ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ተቆርጦ ነበር። ልብስ እያሰጣች ጠራችኝና ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ እንዳለባት፣ መድኃኒት እንደምትወስድ፣ ለእሱ ግን ገና እንዳልነገረችው አጫወተችኝ።

“ቅዳሜ ራሴ ልነግረው ነው። አንተ ገጣሚው፣ እስቲ የማያስደነግጥ ቃል ፈልግልኝ። ደግሞ ቤት እንዳትመታበት!” ብላ ሳቀች። ስትስቅ የተሸረፈው የፊት ጥርሷ ታየ። አንድ ቀን ሲጥላት ነው የተሸረፈው።

ቃል ፈለግኩላት? ፈለግኩ። አግኝቼም ለሌላ ሰው ሰጠሁት።

ረቡዕ በወጣቶች ጸሎት ላይ መሪው “የጸሎት ርዕስ ያለው?” ሲል እጄን አነሳሁ። “አንዲት እህት አለችን” አልኩ። ስም አልጠራሁም። ስም አለመጥራቴን አስተዋይነት ብዬው፣ በልቤም ኮርቼበት ነበር። ልትታጭ መሆኑን ተናገርኩ፤ መውደቋን ተናገርኩ። ክፍሉ ጸጥ ሲልልኝ ደግሞ ጣፈጠኝ። ስትስቅ ብቅ ስለምትለው የተሸረፈች ጥርስ ጨመርኩ። ለምን ጨመርኩ? እግዚአብሔር ጥርሷን ሳያውቀው ቀርቶ ነው? የጨመርኩት ስለሚያምር ነው። ሁሉም አሜን አለ። አሜን ካሉት አንዷ የልጁ የአክስት ልጅ ነበረች። መሆኗንም አውቅ ነበር።

ቅዳሜ ልጁ አልመጣም። ሽማግሌዎቹም በዚያው ቀሩ።

አስቴር በሬ ላይ ጠበቀችኝ። አልጮኸችም።

“ስሜን አልጠራህም አሉ።”

“አልጠራሁም አስቱ፣ በእውነት።”

“ጥርሴንስ?”

ብዙም ሳትቆይ ወደ ጊምቢቹ ተዛውራ ሄደች። እኔ እዚሁ አለሁ። ማንም አልወቀሰኝም፤ ጸሎት ወሬ አይባልማ! እንዲያውም “ስም የማይጠራ፣ አስተዋይ ልጅ” ተብዬ የጸሎት ርዕስ ተቀባይ ሆንኩ። ሰዎች መንገድ ላይ ያቆሙኛል፤ ጆሮዬ ሥር ሆነው የልጃቸውን፣ የባላቸውን ይነግሩኛል። አትንገሩኝ ብል ለምን ይሉኛል። ምክንያቱን ብናገር የእሷን ምስጢር ዳግመኛ ማውጣት ነው። እሷን የከዳው አፌ አሁን በእሷው ምስጢር ተቆልፏል። ስለዚህ ቆሜ እሰማለሁ፤ “ይባርክህ” ብለውኝ ይሄዳሉ።

አስቴር ስሟ አይደለም። ዳምቦያ ያልኩትም ዳምቦያ አይደለም። ጥርሱም ጥርስ አልነበረም፤ ምን እንደነበር አልነግራችሁም። ይህን ያህል ተምሬያለሁ፤ የትምህርቱን ዋጋ የከፈለችው ግን እሷ ናት።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የወጣው ምስጢር የእናንተ አልነበረም።