በአበባ የመጣ ለቅሶ

ፈረንጆች የእናቶች በዓል እንዳላቸው ያወቅሁት ስኳር ከተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንዲት አሜሪካዊት የሞተች እናቷን ለማሰብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አበባ አደለች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በግንቦት ወር በአንዱ እሑድ፣ እናቱ ያለችለት ቀይ፣ የሞተችበት ነጭ አበባ ደረቱ ላይ ይሰካል። እኔም አምባ ጊዮርጊስ ያለችውን እናቴን ላክብር ብዬ ጎንደርን ባስስ ቀይ አበባ አጣሁ። ከነአካቴው ከሚቀር ብዬ ነጭ ሰካሁ።

አራዳ ላይ አንዲት ፈረንጅ ሐኪም አየችኝና እጄን ይዛ በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናገረች። የበዓል ሰላምታ መስሎኝ «ቴንክዩ!» አልሁ። ቋንቋዋን የሚሰማው ዘበኛዋ፣ ጎረቤቴ አያ ታከለ፣ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎች አስከትሎ ቤቴ ገባ።

«ምነው ልጄ፣ ጎረቤት የለህም? እናትህ ሞታ ዝም ትላለህ?»

«እናቴ?»

መርዶ ከአገር ቤት የደረሳቸው መስሎኝ ጮኼ ወደቅሁ። የእኔን ጩኸት ሰምቶ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ሴቶቹ አይተዋት የማያውቋትን እናቴን «ያችን ሸጋ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ።

ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት የቅቤ ቅሏን ደጅ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ከሁሉም በላይ እየጮኸች ገባች። ቀና ብዬ ባያት እናቴ ናት! ለገበያ መጥታ ነው። ዘልዬ ልነሣ ስል፣ አያ ታከለ ተነሥቶ ከጎኔ አስቀመጣት። እሷም እንባዋን እየጠረገች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣

«ልጄ፣ ማን ነው የሞተብን?» አለችኝ።