ከሰሌዳው ላይ ያልነቀልኩት ስም

የአመራር ጥናት እንዳስተምር በተመደብኩበት ቀን መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ትምህርቱ አልነበረም። «ማነው የጠቆመኝ?» ነው ያልኩት፣ ያውም በልቤ። ዲኑ የምደባ ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ፈገግ ብሎ ነበር። አለቃ ፈገግ ሲል ደግሞ እኔ ኪሴን የምዳብስ ሰው ነኝ።

በጎንደር ከተማ በአንድ ኮሌጅ የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ የኮሌጁን ስም ልተወው። ሊበራል አርትስ የሚባል ፕሮግራም ተከፍቶ ተማሪው ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ፍልስፍናና ሒሳብ አንድ ላይ እንዲማር ተወሰነ። ከአዲሶቹ ኮርሶች አንዱ አመራር ነው።

«ለምን እኔ?» አልኩት ዲኑን።

«ታሪክ ታውቃለህ። ታሪክ የመሪዎች ነገር አይደለም እንዴ?»

«የሞቱት ነዋ።»

«እንግዲያው ከሞቱት ጀምር» አለኝና ስልኩን አነሳ።

አባቴ በጎንደር ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ነው። ልጆቹን ያሳደገን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ ነው። ደንበኛ ሲገባ ፊቱን ሳይሆን እጁን እንድናይ ያስተምረን ነበር። እኔ ደግሞ ምክሩን ወደ ክፍል ይዤው ገባሁ። በዚያ ዘመን ስለ መሪ የሚያስተምር ሰው «የትኛውን መሪ ማለትህ ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ በሕይወት ያለ ባለሥልጣን ስም አልጠራም። የትምህርት ዕቅዴን በሁለት ቅጂ ጽፌ አንዱን በክፍል ኃላፊው አስፈርሜ በመሳቢያዬ እቆልፍበታለሁ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትንም ራሴ አጥፍቼ ነው የምወጣው።

የተሰጠኝ መማሪያ መጽሐፍ ከውጭ የመጣ ነው፤ ምሳሌው ሁሉ ስለ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የእንፍራንዝ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ሠራተኞቹ ሲያኮርፉት ሽማግሌ አይልክም?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። መጽሐፉን አስቀምጬ የመስክ ሥራ የሚባል ነገር አወጣሁ። እያንዳንዱ ተማሪ በገበያ ቀን ወደ ትውልድ ቦታው ይሄዳል። ሰው ከሚሰማው ሰው አጠገብ ይቀመጣል፦ የዕድር ዳኛ ይሁን፣ የውሃ ተራ የሚያከፋፍል ይሁን፣ ሽማግሌ ይሁን። ማን ቀድሞ ተናገረ፣ ማን ዝም አለ፣ ነገሩ በምን አለቀ የሚለውን ጽፎ ይመጣል። ከዚያ ጽሑፉን ከነገሥታቱ ዜና መዋዕልና ከፍልስፍናው ንባብ ጋር እያስተያየን እንከራከራለን። በሥራ ዘመኔ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው።

ምስጋናው የሚባለው ተማሪ የመጣው ይህ አሠራር በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት ነው። የአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ልጅ ነው፤ ከጓደኞቹ በዕድሜ ይበልጣል። በመጀመሪያው ቀን ትምህርቱ ሲያልቅ በር ላይ ጠብቆኝ፣ እንደ ባላገር አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «የእናትዎ አገር የት ነው፣ መምህር?» አለኝ።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«እንዲሁ ነው።»

«ጎንደር» አልኩትና አለፍኩ። እንዲሁ ብሎ የሰው እናት አገር የሚጠይቅ ሰው አላውቅም ነበር። በማግስቱ አንድ የክፍል ጓደኛውን ያንኑ ሲጠይቅ ሰማሁ። በሳምንቱ ግማሹን ክፍል ጠይቆ ጨርሷል። የሚቀመጠው መጨረሻ ወንበር ላይ ነው፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ በሩን እያየ። ሰው ሁሉ ሳይወጣ አይወጣም። አንድ ጊዜ መስኮቱ ወደ መንገድ የሚከፈት ምድር ቤት ክፍል ሲሰጠን ሦስት ቀን ቀረ።

ያኔ ተማሪው አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ነበር፤ አምስት አምስቱ አንድ ቡድን ነው፣ በየቡድኑም ወደ ላይ የሚናገር አይጠፋም ይባላል። የሥነ ምግባር መምህሩ ታከለ፣ ከቢሮዬ ጎን ያለው ጓደኛዬ፣ ነገሩን ስነግረው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጆሮ ጠቢ ነው» አለኝ። «ዘር የሚቆጥር፣ በር የሚጠብቅ፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ሰው ማመን ቀብሮ ነው፣ ወንድሜ።»

አመንኩት። እውነቱን ለመናገር ገና ሳይነግረኝ ነበር ያመንኩት።

የመስክ ሥራው ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው ዝርዝሩን ለጠፍኩ። ስም፣ የሚሄድበት ቦታ፣ ቀን። የምለጥፈው በዋናው በር አጠገብ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ተማሪው ሲገባና ሲወጣ እንዲያየው ብዬ። በዚያ በር ግን ተማሪ ብቻ አይደለም የሚያልፈው። ዘመድ ጠያቂ አለ፣ ከገጠር እህል ይዞ የመጣ አለ፣ ሰው እየጠበቀ ሰሌዳ የሚያነብ አለ።

ምስጋናው በዚያኑ ቀን ቢሮዬ ገባ። ተቀመጥ ብለውም አልተቀመጠም።

«መምህር፣ ስሜን ከሰሌዳው ይንቀሉልኝ።»

«ምነው?»

«ሌላ ቦታ ይላኩኝ። እንፍራንዝ ልሂድ፣ ደባርቅ ልሂድ። የፈለጉትን እጽፋለሁ።»

«ሁሉም ወደ ትውልድ ቦታው ነው የሚሄደው። ያንተ ከምን ይለያል?»

ዞር ብሎ በሩን አየ። እኔ ይህን በራሴ መንገድ ተረጎምኩት፦ በአገሩ ሥራውን ያውቁበታል፣ ፊት ለፊት መቅረብ ፈርቶ ነው። ውስጤ ደስ አለው። ጆሮ ጠቢ አንድ ቀን ሲጋለጥ ማየት የማይፈልግ መምህር አልነበረም።

«ስም አይነቀልም» አልኩት። «ካልሄድክ ዜሮ ነው የምሰጥህ። የኮርሱ ግማሽ ነጥብ ማለት ነው፣ ትወድቃለህ።»

«ዜሮ?»

«ዜሮ።»

«ሸጋ» አለ ቀስ ብሎ። እጅ ነስቶ ወጣ።

በዝርዝሩ ላይ በተጻፈለት ቀን እኔም ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚኒባስ ሄድኩ። ለሌላ አይደለም፤ ጎንደር ተቀምጦ ከሐሳቡ ፈጥሮ ሊጽፍ ነው ብዬ ላጋልጠው ነው። ከመኪናው ስወርድ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ወደ እኔ መጡ። አያ ቢራራ ይባላሉ፤ በዚያ አካባቢ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው መሆናቸውን በኋላ ነው የሰማሁት። አንገታቸው ላይ የድንጋይ አቧራ ነበር።

«መምህሩ አንተ ነህ?» አሉኝ የከተማ ልብሴን አይተው።

«ነኝ፣ አባቴ። ምስጋናው መጥቷል?»

«ጠርተኸው እንዴት ይቀራል?» ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ ደም ያለበትን ሰው ቀን ቆርጠህ ትጠራዋለህ?»

አልገባኝም አልኳቸው። መንገድ ዳር አስቀምጠው ነገሩኝ። አጎቱ በእርሻ ድንበር ጠብ ሰው ገድሎ ጠፍቷል። እርቅ አልወረደም። የሟች ወገን ደሙን ከምስጋናው ይፈልጋል፤ በዚያ ቤት ከቀሩት ወንዶች ለአቅመ አዳም የደረሰ እሱ ብቻ ነው። ወደ ጎንደር የሄደውም ለትምህርት ብቻ ሳይሆን ለመሸሽም ነው። የእናት አገር የሚጠይቀው ከጠላቶቹ ወገን የሚወለድ ሰው መኖሩን ለማወቅ ነው። ከግድግዳ የሚጣበቀውም ለዚሁ ነው።

«ስሙ ከነቀኑ በር ላይ ተለጥፏል አሉ» አሉኝ። «ከጎንደር የተመለሰ ሁሉ ሲያወራው ሰነበተ። ሰዎቹ ከጠዋት ጀምረው በገበያው ጫፍና ጫፍ ተቀምጠዋል። እኛም ድንጋይ ተሸክመን አንዲት ቀን ስጡን ብለን ለመናቸው። እስኪመሽ ሰጥተውናል። አንተ ሥራ አልከው፣ እኛ ግን ነፍስ ስንለምን ዋልን።»

ይህን ሳልደብቅ እጽፋለሁ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ምስጋናውን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከአንድ ካህን ቤት አገኘሁት። አያ ቢራራ በር ላይ ቆሙ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎን መቼ አወቅሁዎት?»

«የናቴን አገር ነግሬህ አልነበር?»

«ጎንደር አሉኝ። ጎንደር ብዙ ሰው ነው ያለው።»

«እኔ ጆሮ ጠቢ መስለኸኝ ነበር» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ ደግሞ ስሜን አልነቅልም ሲሉኝ የነሱ ወገን መሰሉኝ።»

«ታዲያ እንደዚያ ከመሰለህ ለምን መጣህ?»

«ዜሮ እሰጥሃለሁ አሉኝ እኮ። ከቤታችን ኮሌጅ የገባሁ እኔ ብቻ ነኝ።»

በዚያው ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽማግሌዎቹ ከመሃላቸው አድርገው ወደ ቆላ አሻገሩት። የሟች ወገኖች ኮሌጁን ያውቃሉ፣ ሰሌዳውን ያውቃሉ፤ ወደ ጎንደር መመለስ አልቻለም።

ሰኞ ለዲኑ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ተማሪው ያቋረጠው በእኔ ጥፋት ነውና ቦታው ይጠበቅለት ብዬ። ዲኑ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ማን አስፈራራህ?»

«ማንም።»

«ሰው በገዛ እጁ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አይጽፍም። ከኋላህ አንድ ነገር አለ» አለኝና ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ላከው። እዚያው ቀረ። እኔ ዲን ብሆንና እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢመጣልኝ እኔም እንደሱ ነበር የምለው።

ከስንት ዓመት በኋላ እርቁ ወረደ። ምስጋናው ጠቁሮ፣ ከስቶ፣ ቢሮዬ መጣ፤ መመለስ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሬጅስትራር በየመስኮቱ አብሬው ዞርኩ። በየመስኮቱ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። በየመስኮቱ አንድ ዓይነት መልስ ሰጡን፦ የመመለሻው ጊዜ አልፏል፣ ፕሮግራሙም ተለውጧል። በመጨረሻዋ መስኮት ያለችው ልጅ አዘነችልን፤ ግን ማዘኗ ማኅተም አልሆነም።

በዋናው በር ስንወጣ ቆም አለ።

«አሁንም ተማሪ ወደ መስክ ይልካሉ?»

«እልካለሁ።»

«እንዴት አድርገው?»

«አንድ በአንድ ቢሮ እጠራቸዋለሁ። መሄድ የማትፈልጉበት ቦታ ካለ ንገሩኝ እላለሁ። ምክንያት አልጠይቅም።»

«ሸጋ ነው» አለ። ተጨባብጠን ወደ መናኸሪያው ወረደ።

እኔ ጡረታ እስክወጣ አመራር አስተማርኩ። ለሚተኩኝ ወጣት መምህራን የምለው ይህን ብቻ ነው። በእጃችሁ ያለው ነጥብ ሰውን ወደማይሄድበት ሊያስኬደው ይችላል፤ ስለዚህ ተማሪውን ከመጠርጠራችሁ በፊት የሰጣችሁትን ትእዛዝ ጠርጥሩ። እኔ ይህን ተምሬያለሁ። ምስጋናው ግን ዲግሪውን አላገኘም።