የኮዳው ውሃ

ብሩሽ ነው የምንላት። ዕድሜዋን በሙሉ ከጦር ሜዳ ተቆፍሮ የወጣ ብረት ስታጸዳ የኖረች ሴት ሌላ ምን ትባላለች? በሙዚየሙ ምድር ቤት፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ የቀበቶ ዘለበት፣ ማንኪያ፣ የተቀደደ የራስ ቁር ትይዛለች። መጀመሪያ ጭቃውን በእንጨት ስንጥር ታነሳለች፤ ቀጥላ ዝገቱን በለስላሳ ብሩሽ ታራግፋለች፤ በደንብ ሲደርቅ ሰም ትቀባዋለች። ችኮላ አትወድም። አንድ ጊዜ የጥይት ቀለህ በሽቦ ስፈትግ አይታ፣ «ድስት መሰለህ እንዴ?» ብላ እጄን ጠፈጠፈችኝ። ለሰው ሲሆን ግን እንደ እሷ ሆደ ቡቡ የለም። መዘዙም የመጣው ከዚሁ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ኮዳ መጣልን። ጎኑ ላይ በምስማር የተጫረ ስም ስለነበረው አለቃችን አፈላልጎ የወታደሩን እናት አስጠራቸው። ሴትዮዋ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። የልጃቸው ጦር ውሃ አልቆበት እንደነበር ከዚያ የተረፈ ጓደኛው ነግሯቸዋል። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ ባነሱ ቁጥር፣ ልጄ ተጠምቶ ሞተ የሚለው ሐሳብ እየመጣ ውሃው አልወርድ ይላቸዋል።

ገና ያልጸዳውን ኮዳ ብሩሽ እጃቸው ላይ ስታኖረው ውስጡ ተንቦጫረቀ። እናትየው ጆሯቸው ሥር አስጠግተው ወዘወዙት።

«ውሃ ነው! ልጄ ውሃ ነበረው!» ፊታቸው በራ።

እኔና ብሩሽ ተያየን። ኮዳውን አንገቱ ሥር ዝገት በስቶታል፤ ቀዳዳዋን ጭቃ ደፍኗታል። ባለፉት ዓመታት የዝናብ ውሃ በዚያ ሰርጎ ተጠራቅሟል። ልናገር አፌን ስከፍት በክርኗ ጎሰመችኝ።

«አዎ እማማ፣ ነበረው» አለች።

እኔም እሰየው አልኩ፤ ለእንዲህ ያለች እናት ውሸት ምን ይጎዳል ብዬ። ኮዳውን እንድናጸዳው ትተውልን፣ መርቀውን ሄዱ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛ ውሸት ግን እያደር መርዝ ሆነ። በሳምንቱ ሲመለሱ ዓይናቸው አባብጧል። ወንበር ብንሰጣቸው አልቀመጥም አሉ።

«እንቅልፍ አጣሁ ልጄ» አሉ ብሩሽን። «ውሃ ከነበረው ለምን አልጠጣውም? እጁን ማንሳት አቅቶት ነው? ቀና አርጎ የሚያጠጣው ሰው አጥቶ ነው? ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ውሃው እጎኑ ተቀምጦ እሱ ሲያቃስት ነው የማየው።»

ይህን ማን አሰበው? ብሩሽ ኮዳውን አምጥታ፣ ጣታቸውን ይዛ ቀዳዳዋ ላይ አሳረፈችው።

«ዋሽቼዎታለሁ እማማ። የእሱ ውሃ አይደለም። አፈር ውስጥ ሳለ የገባ ዝናብ ነው» አለች።

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እናትየው የቀዳዳዋን ጠርዝ በጣታቸው ዞረው ዳሰሱት።

«እንግዲያው ተጠምቶ ነዋ የሞተው» አሉ በመጨረሻ። «ይሁን። ይኼኛውን እንኳ ለምጄዋለሁ።»