የልጅ ልጄ ያልወደቀችው ፈተና

በእኔ ዘመን፣ ባደግሁበት ከተማ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት መማር ክብር ነበር። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን ያለፈ እዚያው ይቀጥላል፤ የወደቀ ደግሞ፣ አባቱ አቅም ካለው፣ ወደ ግል ይላካል። ስለዚህ እዚህ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ልጄ እራት ላይ «ለመጪው ዓመት የግል ትምህርት ቤት ላስገባት ነው» ስትል፣ የልጅ ልጄ ፈተና ወደቀች ብዬ ደመደምሁ። በቤታችን አለመጠየቅ ልማዴ ነውና አልጠየቅሁም። በማግስቱ ግን ልጅቱን ብቻዋን ሳገኛት ላጽናናት ሞከርሁ።

«አይዞሽ፣ የወደቀ ይነሣል» አልኋት።

በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ እኔ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ እያወራን እስከ ዛሬ አልተጣላንም። ከክፍሏ አንደኛ እንደሆነች፣ ጓደኞቿን ትታ የትም እንደማትሄድ፣ የወደቀ ሰው ካለም እናቷ ልትሆን እንደምትችል አስረዳችኝ።

ልጄ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «አባዬ፣ እዚህ አገር ነገሩ ተገልብጧል። ነጮቹ ልጆቻቸውን የት እንደሚልኩ አይተህ መከተል ነው። የሷ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪው ለቆ ወራት አለፉ፤ ማን ጠየቀ?»

ቅዳሜ የግሉን ትምህርት ቤት ልናይ ሄድን። እኔ ከረባት አስሬ ነበር። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የየዓመቱ ተመራቂዎች ፎቶግራፍ ተደርድሯል፤ የልጅ ልጄ ከጥንቱ ጀምራ እሷን የሚመስል ፊት ስትፈልግ ኮሪደሩ ሊያልቅ ደረሰ። አስጎብኚያችን፣ ቅን ሴት ነበሩ፣ በራቸው ዛሬ ለሁሉም ክፍት መሆኑን ደጋግመው ነገሩን። ገብተን ስለነበር ለማመን አልተቸገርንም።

ማታ ጎረቤታችን፣ እዚሁ ተወልደው ያረጁ ጥቁር አሜሪካዊት፣ አጥራቸውን ተደግፈው የጉብኝታችንን ወሬ ሰሙና ሳቁ።

«በልጅነቴ አትግቡ የሚል ጽሑፍ ማንም አልለጠፈብንም» አሉኝ። «ትምህርት ቤቱ ባለበት ሰፈር ቤት አይሸጡልንም ነበር፤ እሱ ይበቃ ነበር። ኋላ እኛ እዚህ ቤት መግዛት ስንጀምር፣ ነጮቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ።»

እሑድ ምሳ ላይ ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «እስቲ ሊቁ ይናገሩ! ስንት ዓመት ዝም ይላሉ?»

«የሚሸሽን ሰው ብንከተል» አልሁ፣ «እሱ ነገም ይሸሻል። ልጅቱ የምትማረው ዕቃ ማሸግ ብቻ ይሆናል።»

ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች። «እሺ፣ ትቆይ። አስተማሪውን የምትጠይቅላት ግን አንተ ነህ። በየስብሰባው። ራስ በመነቅነቅ አይደለም፣ አፍ አውጥተህ!»

የልጅ ልጄ አጨበጨበች፤ ምን እንደሚጠብቃት ገና አላወቀችም።

በወላጆች ስብሰባ ላይ እጄን አነሣሁና፣ እንዳደግሁበት ሥርዓት፣ ብድግ አልሁ። ከእኔ በቀር የቆመ አልነበረም። «ግራንድፓ፣ እዚህ ሰው ተቀምጦ ነው የሚያወራው» አለች የልጅ ልጄ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና፤ ጭንቁ ቢበዛባት ነው መሰለኝ፣ በአማርኛ ተናገረችው። ባለኝ እንግሊዝኛ ስሜንና የማን አያት እንደሆንሁ ገለጽሁ፤ የሒሳብ አስተማሪ መቼ እንደሚመጣም ጠየቅሁ። ርእሰ መምህሩ ስለ ጥያቄዬ አመስግነውኝ ወደ ሌላ ወላጅ ዞሩ። እኔ አልተቀመጥሁም። ቆሞ የጠየቀ መልሱንም ቆሞ ነው የሚቀበለው።

ልጄ የኮቴን ጫፍ ጎተተች። «ተቀመጥ እንጂ አባዬ፣ አመሰገኑህ እኮ!»

«ምስጋና አልጠየቅሁም» አልኋት።

ርእሰ መምህሩ እንደ ቆምሁ አዩኝና መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ተመለሱ። ልጄም ኮቴን ለቀቀች።